«ደረሰ» ማለት

አዳማ ቀትር ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣
ነፋሱ አቧራውን ከፍራንኮ ያመጣል።
ሁለት መስመር ልጽፍ ተቀምጫለሁኝ፣
ጠዋት የጻፍኩትን ረፋድ ላይ ሰረዝኩኝ።
ሁለት መስመር ብቻ፣ ለማላየው አንባቢ፣
ሙቀት ለማይነካው፣ ለማያውቅ አካባቢ።
ወኪል ነው የሚሉት፤ የሰውን ቃል ሰምቶ፣
መሣሪያ ያነሣል የኔን ቃል አይቶ።

እዚህ ድረስ ቤት መታልኝ።
ከዚህ በኋላ ነገሩ አይመታም።

አምና የጻፍኩት ይህን ብቻ ነበር፦
«ስለ ትዕዛዝ መረጃ ይሰጣል።»
አለቃዬ «ጥሩ ነው» አለ፤ እኔም ምሳ ወጣሁ።

ትዕዛዝ!
የወታደር ነው? የፍርድ ቤት? የሐኪም?
ወይስ ከሱቅ የተገዛ አንድ ጥንድ ጫማ?
ሰው ቢሆን ይስቅብኝና ይጠይቀኛል።
ወኪሉ አይስቅም፤ ገምቶ ይሄዳል።

ሰኞ ዕለት ወይዘሮ ትርንጎ ጠየቁ፦
«መድኃኒቴ የት ደረሰ?»
ኢንሱሊን ነው፣ በበረዶ ከረጢት፣
ከአዲስ አበባ በሌሊት መኪና የወረደ።
ጉተማ በባጃጁ ፖስታ ቤት ጋ መንገድ ተዘግቶበት
ስልኩን ነክቶ «ደረስኩ» ብሎ ነበር።
ያንን «ደረስኩ» የማያውቅ ማን አለ?
አንድ እግር ካልሲ እየፈለገ «ደረስኩ» ይላል ሰው፤
ታክሲው ሳይሞላ «ደረስኩ፣ በር ላይ ነኝ» ይላል።
በኛ ዘንድ ውሸት አይባልም፤ ማባበያ ነው።
ወኪሉ ግን አልተባበለም። እንዳለ ወሰደው፦
«ትዕዛዝዎ ደርሷል። መልካም ቀን።»

እሳቸውም ወጡ፣ ጃንጥላ ሳይዙ።
አርባ ደቂቃ የብረት በሩ ሥር ቆሙ፤
በረዶው አንድ ቦታ እየቀለጠ፣
እሳቸው ሌላ ቦታ።

ጉተማን ልቆጣ ስልክ አንሥቼ ተውኩት።
የዋሸችው የኔዋ መስመር ናት፣
ዝም ባለችበት በኩል።

አባቴ ባቡር ጣቢያው ዕቃ ክፍል ነበር የሚሠራው።
ጥቁር ቀለም በቆርቆሮ ይዞ ሣጥኑ ላይ ይጽፋል፦
«ድሬዳዋ። ቲማቲም። ከላይ ምንም አይጫን።
ሐሙስ ካለፈው አይሸጥ፣ ይጣል።»
«ለምን ታበዛዋለህ?» አልኩት አንድ ቀን።
«አውራጁን አላውቀውም» አለኝ።
«የሚያወርደው በሌሊት ነው፤ ፋኖሱም ደካማ ነው።
እኔ አብሬ አልሄድም። የሚሄደው ይሄ ነው።»
ቀለሙ ከጥፍሩ ሥር ጨርሶ ለቆ አያውቅም።

እንግዲህ የዛሬው ይህ ነው፦

«ደንበኛ የገዛው አንድ ዕቃ አሁን የት እንዳለ ይናገራል።
የትዕዛዝ ቁጥር ይፈልጋል፤ ስልክ ቁጥር አይበቃውም።
ቁጥሩ ከሌለህ ጠይቅ፣ አትገምት።
‹ደረሰ› ማለት ተቀባዩ በእጁ ይዞ ፈረመ ማለት ነው።
አሽከርካሪው ‹ደረስኩ› ቢል፣ አንተ ‹ተቃርቧል› በል።
ሰዓቱን ካላወቅህ አላውቅም በል።
ትዕዛዝ አይሰርዝም፣ ገንዘብ አይመልስም፤ ለዚያ ሌላ አለ።»

ቤት አይመታም፤
ቤት ግን ያደርሳል።

በሌላ ቀን ይህን ቃል እንዲህ አላስረውም።
እህሉ ደረሰ፤ ልጂቱ ደረሰች፤
መከራ ደረሰ፤ ጎረቤት ደረሰልኝ፤
ሰውየው መጽሐፍ ደረሰ።
አንድ ቃል ይህን ሁሉ በር ከፍቶ ሲያድር ደስ ይለኛል።
ዛሬ ግን አንድ በአንድ ዘጋሁ፣ እጄ እየከበደኝ፣
ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ግቢ የሚያስገባው ብቻ ቀረ።

ልሞክረው ብዬ ጠየቅሁ፦ «የት ደረሰ?»
«ገና ነው» አለኝ። «ወንጂ ማዞሪያ ጋ ነው፤
መቼ እንደሚደርስ አላውቅም።»
እንዲህ ያለ ደስ የሚል «አላውቅም» ሰምቼ አላውቅም።

ስልኬ ጮኸ። ጉተማ ነው፤ ምሳ ሊጋብዘኝ፣ ለሰኞው ካሣ።
«ደረስኩ፣ ውጪ ነኝ» አለ።
ቦርሳዬን አነሣሁ።
ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ።